በክር የተለካ እግር

ቅዳሜ

ጠበበኝ። ስንት ቀን በጉጉት የጠበቅኩት ጫማ ዛሬ መጣና ጠበበኝ።

የቤቱ ሹፌር በር ላይ ፌስታሉን ሲያቀብለኝ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ከፈትኩት። ቀይ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት፣ በእጅ ሲይዙት ክብደት የሌለው። ሶሉ ስስ ነው፤ ሳጥፈው እንደ ቂጣ ታጠፈ። እግሬን ሳስገባ አውራ ጣቴ ጫፉ ላይ ተለጠፈ፣ ትንሿ ጣቴ ደግሞ መግቢያ አጣች።

የገዛልኝ አብዱ ነው። አብዱ የኛው አገር ልጅ ነው፤ እዚሁ ዐረብ አገር፣ ዐዚዚያ በሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል፣ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ እንደ ልባችን ወጥተን መግዛት ለማንችለው፣ በሰው ቤት ለምንሠራው ሴቶች ዕቃ ይገዛልናል። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብስ ከሆነ ፎቶ ይላካል፣ ጫማ ከሆነ ክር። እግርሽን በክር ትለኪና ልኩ ላይ ቋጥረሽ ትልኪለታለሽ። እሱ ክሩን ጫማው ውስጥ ይዘረጋዋል፤ ከጫፍ ጫፍ ከደረሰ ይገዛል። እኔም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ጉልበቴ ላይ ሰቅዬ፣ ስንቴ ደጋግሜ ለክቼ ነው የላክሁት።

ደወልኩለት። "እንዴት ነው እህቴ፣ ልክሽ ሆነ?" አለኝ። ደክሞበታል፣ ምን ልበለው? ማሻአላህ፣ ያምራል አልኩት። "የሯጭ ጫማ ነው የመረጥኩልሽ፤ ሀገራችንን እንዳታሰድቢ!" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሰው የሚለኝ ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ከተማው ውስጥ ሴቱም ወንዱም የሚሮጥበት የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። የቤቱ ልጅ ኑራ መሮጥ አማራት። ኑራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አንድ ነገር ካማራት እስክታገኘው ድረስ ለማንም ዕረፍት አትሰጥም። እናቷ፣ ማዳም፣ "ብቻሽን እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አትገቢም" አለቻት። ኑራም ወዲያው ወደኔ ጠቆመች። "ዘይነባ ከጎኔ ትሮጣለች! ሐበሻ ናት፣ ሩጫ በደማቸው ነው።" ማዳም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ከጎኗ የምትሆኚ ከሆነ ትሂድ። አንቺ ካቆምሽ ግን እሷም ታቆማለች፣ ኸላስ፣ አለቀ።"

እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ የምል ልጅ ነበርኩ። ነገር ግን ሙቀቱ ከበረደ ጀምሮ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ በሰፈራችን በሱለይማኒያ ባለው የእግር መንገድ ከኑራ ጋር ስሮጥ ሳላስበው ወደድኩት። እውነቱን ልጻፈው፣ በጣም ወደድኩት። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ለሰው ሥራ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ያላበኝ ያኔ ነው።

እስካሁን የሮጥኩት በኑራ አሮጌ ጫማ ነው። ስለሚረዝመኝ ካልሲ ደርቤ። እሱን ካደረግኩ ወዲህ ተረከዜን ያመኛል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር የመርገጥ ያህል ናት። ለዚህ ነው የራሴን ያስገዛሁት።

ይለቃል። ጫማ ይለቃል። እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቄበት አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

እሑድ

አልለቀቀም።

ጨርቁ ቀዩን ቀለም ይዞ ወጣ እንጂ ጫማው ያው ነው። ቢሆንም ማታ አድርጌው ሮጥኩ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ ቀላል ስለሆነ እግሬ ራሱ የሚነሣ መሰለኝ። ኑራም "ተመልከቺ፣ አሁን ገና ሐበሻ መሰልሽ!" አለችኝ። ደስ አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ግን ጣቶቼ ደነዘዙ። ሶሉ ስስ ስለሆነ የአስፋልቱ ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ እያነከስኩ እንዳልሆነ ለማስመሰል ብዙ ደከምኩ።

ክፍሌ ገብቼ ካልሲውን ሳወልቅ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል።

ለኑራ አልነገርኳትም። ብነግራት ለእናቷ ታወራለች፤ ማዳም ደግሞ ከሰማች ነገሩ አበቃ ማለት ነው። የሁለታችንንም የሩጫ ቁጥር አስመዝግበዋል፣ ኑራም ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች። እኔም ሐይቅ ላለችው እናቴ ነግሬያለሁ። "በአደባባይ ልሮጥ ነው" ስላት "ሰው ያይሻል?" አለችኝ። አዎ እማ፣ ሰው ያየኛል።

ለከድጃ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ከድጃ አንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የመጣን ጓደኛዬ ናት፤ ዑረይጃ ሰፈር ልጅ የሚበዛበት ቤት ትሠራለች። የጥፍሬን ፎቶ ስታይ የመለሰችልኝ እንዲህ ነው፦ "አንቺ ልጅ፣ የገዛሽው ጫማ ነው ወጥመድ?" ከዚያ ደግሞ ስትስቅ ብቻ የሚሰማበት ረጅም መልእክት።

ዛሬ ጠዋት ከክፍሌ የወጣሁት ግድግዳ ይዤ ነው። ማዳምም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ግድግዳ ተደግፋ ነው ከመኝታ ቤቷ የምትወጣው። "እርጅና ነው ዘይነባ" ትለኛለች። እሺ እሷስ አረጀች፣ እኔ በምን አረጀሁ?

ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ቶሎ ልጻፍ፣ ሩዙ እስኪበስል ጊዜ አለኝ።

ግቢውን በውሃ ጎማ አጠብኩ። ነጠላ ጫማዬ ስላንሸራተተኝ አውልቄ በባዶ እግሬ ነበርኩ። ጨርሼ በደረቁ ንጣፍ ላይ ወደ በሩ ስሄድ ኑራ ከበረንዳው ሆና ጮኸች። "ዘይነባ! ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!" ጊንጥ ያየች መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሷ ግን የምታየው ከኋላዬ ንጣፉ ላይ የቀረውን የእግሬን ዱካ ነው።

ሙሉ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ወጥ፣ ውስጡ ላይ ምንም የተቆረጠ ነገር የሌለው፣ ልክ ሙልሙል ዳቦ። ኑራ ጫማዋን አወለቀችና ውሃው ውስጥ ገብታ ከጎኔ ረገጠች። የሷ ሌላ ነው። ተረከዟ አለ፣ ጣቶቿ አሉ፣ መሃሉ ላይ ግን በውጭ በኩል ቀጭን መስመር ብቻ፤ የቀረው ደረቅ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እስኪደርቅ አየነው።

ኑራ ስልኳን አወጣችና ማንበብ ጀመረች። የኔ ጠፍጣፋ እግር ይባላል። እንዲህ ያለ እግር ብዙ ጊዜ ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይጋደማል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚደግፍ ጫማ ይስማማዋል። የሷ መሃሉ ከፍ ያለ ነው፤ ምድርን የሚነካው በትንሹ ስለሆነ ንዝረቱን የሚቀበልለት ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። "ነጠላ ጫማሽን አምጪ" አለችኝ። ገለበጥነው። በሁለቱም እግር የውስጡ ጠርዝ አልቋል፣ ውጩ ግን አዲስ ነው። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

እናቴ ትዝ አለችኝ። የሷም ዱካ እንዲህ ነበር። ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሸጥ ውላ ማታ እግሯን ስታጥብ ወለሉ ላይ የምትተወው ይህንኑ ሙሉ እግር ነው። አክስቶቼም እንደዚያው። የዘር ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው "በደማችሁ ነው" ሲለኝ ሩጫውን ነው፤ በደሜ ያለው ግን ይሄ ነበር!

ከዚያ ነው የክሩ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ክር አመጣሁና ቁጭ ብዬ እንደበፊቱ ለካሁ፣ ቋጠርኩ። ቀጥሎ ቆሜ፣ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ፣ ኑራ ለካችኝ። ቋጠሮው አልደረሰም። እግሬ ስቆምበት ይዘረጋል፣ ወደ ጎንም ይሰፋል። ለካስ አብዱ ክሩን ጫማው ውስጥ ሲዘረጋ የለካው የተቀመጠች ሴት እግር ነው! የእግሩን ስፋት ደግሞ ክር አያውቅም። ስንቶቻችን ነን በዚህ ከተማ ቁጭ ብለን በለካነው ጫማ ቆመን የምንሠራው?

ሳቅኩ። ኑራ አልሳቀችም፤ ጥፍሬን አየችው። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ማዳም እንዳታስቀርሽ ብዬ ነው አልኳት። "እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ፤ ያላ፣ ጫማውን አብረን እንመርጣለን" አለችኝ።

ሩዙ ደረሰ።

ማክሰኞ

ማዳምን ማስፈቀድ ነበረብን። ኑራ እኔ ልንገራት አለች፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። እግሩ የኔ ነው፣ እኔ እነግራታለሁ።

ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስለማመድ ዋልኩ። እንግዶች ስለነበሩ ከበሰለው ይልቅ የታጠበው ዕቃ ይበልጣል። እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳም ሶፋው ላይ ተቀምጣ ተረከዟን በእጇ ታሻለች። ሄድኩና ቆምኩ። ነገ ከኑራ ጋር ጫማ ለመግዛት መውጣት እፈልጋለሁ አልኳት።

"አሁን ገዝተሽ የለ? ቀዩስ?"

ጠቦኛል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። "ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ነው የጠበበሽ? በቃ ዘይነባ፣ የማይሆን ከሆነ ይቅር። ልጄን መሃል መንገድ ላይ ጥለሽ የምትቀሪ ከሆነ ከአሁኑ ይቅር።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "እሺ ማዳም" ብዬ ወጥ ቤቴ እገባ ነበር። ዛሬ እግሬ አልሄደልኝም። እንዲህ አልኳት፦ "ማዳም፣ እኔ መሮጥ እችላለሁ። ያልቻለው ጫማው ነው። በቀዩ ከሮጥኩ ያልሽው ይሆናል። እግሬን የሚያክል ጫማ ካገኘሁ ግን ኑራን ከጎኔ አልለያትም።"

 ማዳም ወደ እግሬ አየች። "ከዐስር ሰላት በኋላ ሂዱ፣ ከመግሪብ በፊት ተመለሱ" አለችኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። እያነከስኩ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ፦ ጫማ ባይገኝስ? ቢገኝና አዲስ ስለሆነ ቢልጠኝስ? የተረከዜ ሕመም በጥቂት ቀን ይተዋል? ማዳም ነገ ጠዋት ሐሳቧን ብትለውጥስ? አብዱስ ምን ይለኛል?

ረቡዕ

ገዛሁ! በራሴ ምርጫ፣ በራሴ ገንዘብ። ኑራ ልክፈል ብላ ነበር፤ አይሆንም አልኳት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሱቁ ትልቅ ነው፤ አንድ ግድግዳ ሙሉ ጫማ። ሻጯ ፊቷን የሸፈነች ሳዑዲያዊት ወጣት ናት፣ ዓይኗ ይስቃል። ኑራ ገና እንደገባን "ቅዳሜ ትሮጣለች፣ ከኢትዮጵያ ናት" አለቻት። ልጅቷ እግሬን እንኳን ሳታይ ሮጣ ሄዳ ስስ፣ ቀላል፣ አረንጓዴ ጫማ አመጣች። "ይሄ የናንተ ነው፣ የፈጣኖቹ" አለችኝ። አብዱ ራሱ በዐረብኛ የሚናገረኝ መሰለኝ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አማረኝ። መስታወቱ ውስጥ ሳየው ሌላ ሰው መሰልኩ። ኑራም አጨበጨበች፤ "ይሄን አድርገሽ ጓደኞቼ ቢያዩሽ!" አለች። እንደዚያ ሆኜ መታየት እንዴት ደስ ይል ነበር። ግን የጠቆረችው ጥፍሬ ጫማው ውስጥ ሆና ታስታውሰኛለች። "እኔ ፈጣን አይደለሁም። እግሬ ጠፍጣፋ ነው። እባክሽ መጀመሪያ ለኪኝ፣ ግን ቆሜ ነው" አልኳት።

ልጅቷ ሳቀችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ እህት ሆነችልኝ። ሁለቱንም እግሬን ለካች፤ ግራው ከቀኙ ይበልጣል፣ የሚገዛው በትልቁ ነው። ከሥራ በኋላ መምጣቴን ወደደችው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ስለሚያብጥ ጠዋት የገዙት ማታ ይጠባል አለችኝ። ከአውራ ጣቴ ፊት ደግሞ የእጅ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ መቅረት አለበት። እኔ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚለጠፈውን ነበር ልክ የሆነ የምለው።

ቀጥሎ ባሉበት ሆነው የሚሮጡበት ማሽን ላይ ወጣሁ። ከኋላ በካሜራ ስለሚታይ ቁርጭምጭሚት መገለጥ አለበት። አፈርኩ። ልጅቷ መጋረጃውን ዘጋችልን፣ ሦስታችን ብቻ ሆንን፤ ዐባያዬን ሰብስቤ ያዝኩና ሮጥኩ። ከዚያ ምስሉን አዘግይታ አሳየችኝ። ራሴን ስሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ተረከዜ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቴ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ጉልበቴም ይከተለዋል። አሳዘነኝም አኮራኝም። በዚያ በሚወድቅ እግር ነው ያን ሁሉ ደረጃ ስወጣና ስወርድ የኖርኩት፣ አንድም ቀን አልጣለኝም።

ሁለተኛ ያመጣችልኝ ከሁሉ ለስላሳው ነበር። ስቆምበት ፍራሽ ነው። "ይሄ ነው! ይሄ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማሽኑ ላይ ስወጣ ግን እግሬ ዋለለ፤ ልስላሴው በዛና ቁርጭምጭሚቴ ከበፊቱ ይልቅ ተጋደመ። ለካስ ለስላሳ ሁሉ ለሁሉም አይሆንም።

ሦስተኛው ግራጫ ነው። ወፍራም፣ ፊቱ ሰፊ፣ ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ በውስጥ በኩል ጠንከር ያለ፣ እግሩን የሚይዝ። ሲያዩት የአሮጊት ጫማ ነው። አድርጌ ስሮጥ ግን ጸጥ አለ። ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም፣ እግሬ ጸጥ አለ። ምስሉ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኑራ አረንጓዴውን በእጇ ይዛ "እርግጠኛ ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት።

ያ ለስላሳው ግን አልቀረም። ኑራ ሞከረችው፤ ማሽኑ ላይ ሳትዋልል ቀጥ ብላ ሮጠች። የሷ እግር የሚፈልገው እሱን ነበርና ገዛችው። እኔ የጮህኩለት ለሷ ሆነ።

ከመግሪብ በፊት ቤት ገብተናል። ማዳም ሳጥኑን ከፍታ ግራጫውን አየች። "ይህ ነው ያ ሁሉ ወሬ?" አለች። አዎ ማዳም፣ ይህ ነው።

ሐሙስ

ጫማው እግሬን እንዲለምድ ሥራዬን ሁሉ በሱ ሠራሁ። ወጥ ቤት ወለል ላይ ብቻ፣ ምንጣፍ ሳልረግጥ። ማዳም ገብታ የሩጫ ጫማ አድርጌ ሽንኩርት ስከትፍ አየችኝ። "ሽንኩርቱ እንዳያመልጥሽ ነው?" አለች። ማዳም ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

ማታ ከኑራ ጋር አጭር ሮጥን። አልላጠኝም። የተረከዜ ሕመም አለ፣ ግን ሚስማሩ ደንዝዟል።

አብዱ ደወለ። ቀዩ እንዴት ሆነ አለኝ። ዛሬ ሁሉንም ነገርኩት። ቅር አለው፣ ተሰማኝ። "ግራጫ? ቀዩን ትተሽ? ሀገራችንን በግራጫ?" አለ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ወንድሜ፣ አንተ ክሩን አምነህ ነው አልኩት፤ ቁጭ ብለን ስንለካና ቆመን ስንለካ ያለውንም ልዩነት አስረዳሁት።  ስልኩን ሳይዘጋ ቁና ቁና ሲተነፍስ ይሰማኛል። ምን እየሆንክ ነው ስለው "እግሬን እየለካሁ ነው!" አለኝ። ቆይቶ "ወላሂ እውነትሽን ነው። እኔኮ ጫማ ሁሉ ለምን ይጠበኛል እያልኩ ነበር" አለ። ቆማችሁ፣ ሁለቱንም እግር፣ ወርዱንም በሌላ ክር ለኩ ብሎ ለሁሉም መልእክት ሊልክ ነው። ቀዩ ዛሬ በሹፌሩ በኩል ለከድጃ ሄደ። የሷ እግር ቀጭን ነው፣ ልክ ሆናት። "ወጥመድሽ ተመቸኝ" ብላ ላከችልኝ።

ዓርብ

ዛሬ ሩጫ የለም፣ ዕረፍት ነው። ዕረፍት ስል እግሬን ነው እንጂ ሥራውማ አለ።

ከጁምዓ በኋላ የማዳም እህቶች መጡ። ሻይ ይዤ ስገባ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንዷ "ነገ ሐበሻዋ ወርቁን ይዛ ትመጣለች" አለች። ሌላዋ "ኑራ ትከተላታለች ወይ?" ብላ ሳቀች። ሲመኩብኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ፈራሁ። ነገ ሰው ሁሉ ሲቀድመኝ ቢያዩ ምን ይሉኛል?

ትሪውን አስቀመጥኩና "እኔ አሸናፊ አይደለሁም። ኑራን ይዤ እሄዳለሁ፣ ኑራን ይዤ እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ" አልኳቸው።  ማዳም ከመካከላቸው "እኔም የፈለግኩት እሱን ነው" አለች።

ጫማ፣ ካልሲ፣ የስፖርት ዐባያ፣ ሻሽ፣ ቁጥሬ። ሁሉንም ወንበር ላይ ደርድሬያለሁ። ቁጥሩ ላይ ስሜ በዐረብኛ ተጽፏል። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት።

ቅዳሜ

ከዐስር በኋላ ነው የምጽፈው። እግሬ ውሃ ውስጥ ነው።

ጠዋት ማዳም ራሷ መኪናው ውስጥ አብራን መጣች። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ በጋሪ ልጅ የሚገፋ። ሩጫው ሲጀመር ኑራ ተፈተለከች። ጓደኞቿ ያዩዋታል። ልብሷን ይዤ ቀስ በይ አልኳት። እየሮጡ ነው ያደጉት የምንባለውን፣ እኔን፣ አያቶቼ የሚሆኑ ሰዎች ቀደሙኝ። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አባት አልፈውኝ ሲሄዱ ቁጥሬንና ፊቴን አይተው "ሐበሻ?" አሉና ግራ ተጋቡ። ሳቅኩ። ልቀደም፣ ምን አለበት።

መንገድ ዳር የኛ አገር ልጆች ቆመው ነበር፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ። አንዱ ሲያየኝ "አይዞሽ እህቴ! ግፊው! ያላ!" ብሎ ጮኸ። አላውቀውም፣ አያውቀኝም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እንባዬ መጣና በላብ አሳበብኩት።

ልምምድ ላይ የተረከዜ ሕመም የሚነሣበት ርቀት ላይ ስደርስ ጠበቅኩት። አሁን ይመጣል እያልኩ ሮጥኩ። ትንሽ ነዘረኝና ተወኝ። ግራጫው ያዘው። ያኔ ነው ፊቴ በራሱ ፈገግ ሲል የተሰማኝ።

ከዚያ ኑራ ጎኗን ያዘች። ወጋኝ አለች፣ ፊቷ ነጭ ሆነ። "ዘይነባ አቁሚ። እባክሽ አቁሚ፣ አንቺ ካቆምሽ እኔም አቆማለሁ።" የእናቷን ቃል ነው የምታመጣብኝ። "እኔ ግን አላቆምም። በእርምጃ እንሄዳለን፣ አንቆምም። ተንፍሺ" አልኳት። እጇን ይዤ ተራመድን። ሰደበችኝ፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ራሷ መሮጥ ጀመረች፣ እኔም ከጎኗ። የመጨረሻውን መስመር ያለፍነው ጎን ለጎን ነው። አንገቴ ላይ ሜዳልያ አጠለቁልኝ። እኔ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዷን የሚያማት ዘይነባ!

ማዳም መኪናው ጋ ቆማ ጠበቀችን። "ስንተኛ ወጣሽ?" አለችኝ። አላውቅም፣ ግን ከኋላችንም ሰው ነበር አልኳት። የኑራን ፊት በእጇ ይዛ አየቻት፤ ቀጥላ ወደኔ ዞረችና "ከጎኗ ነበርሽ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። በቂዬ ነው።

ለእናቴ ደወልኩላት። "ሰው አየሽ?" አለችኝ። አየኝ እማ፣ ብዙ ሰው። ጎረቤቶቹን እየጠራች ስልኩን ረሳችው፣ እልልታቸውን ከዚህ ሆኜ ሰማሁት።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። አሁን የሆነውን ልጨምር።

ግቢው ውስጥ እግሬን በመታጠቢያ ሳህን ነክሬ ሳለሁ ማዳም ወጣች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከውሃዬ ንጣፉ ላይ በእግሯ ፈሰስ አደረገችና ረገጠችበት። "ኑራ ነገረችኝ" አለች። ከዚያ ደረቁ ላይ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ዞራ አየችው፣ እኔም አየሁት። ሙሉ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ወጥ፣ ልክ እንደኔ፣ ልክ እንደ እናቴ።

"ስንት ዓመቴ ነው ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ስይዝ። እርጅና ነው እል ነበር" አለች። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ወደኔ ዘረጋች። "ያንን ግራጫ ለኔም ምረጭልኝ። ለኪኝ።"

እግሬን ሳላደርቅ ሮጬ ገብቼ ክሩን አመጣሁ።

"ተቀምጠሽ አይሆንም ማዳም፣ ቁሚ" አልኳት።

ማዳም ተነሥታ ቆመች።